በርሜሉ ምን አጠፋ

«ለተከበራችሁ እንግዶቻችን በሙሉ! የክሎ ዴ ግሪቭ ሆቴል አስተዳደር በከባድ ሐዘን እንደሚያስታውቀው፣ የወይን ዘለላ የተጠለፈበት አንድ ጥንድ ነጭ የቤት ጫማ ከትናንት ጀምሮ ከክፍል ቁጥር አራት የት እንደደረሰ አልታወቀም። ጫማው የቤታችን አካል ነው። ያለበትን የሚያውቅ፣ ወይም ኅሊናው የሚወቅሰው ሰው፣ ምንም ጥያቄ ሳይቀርብለት ከደረጃው ሥር ባለው ቅርጫት እንዲያኖረው በትሕትና እንጠይቃለን።»

ማስታወቂያውን የጻፈችው አስተዳዳሪዋ ማዳም ሶላንዥ ብሮሾ ናት። ለሠርግ ጥሪ በሚሆን ወረቀት ላይ፣ ለሠርግ ጥሪ በሚሆን ፊደል ከትባ ደረጃው ራስ ላይ ሰቅላዋለች። ክፍል ቁጥር አራት ደግሞ የኢንስፔክተር ኤቫሪስት ኮርቤ ክፍል ነው። ስሙን ላለመጥራት የተደረገው ጨዋነት ከጥፊ አይተናነስም።

«መልስላቸው» አለችው ሚስቱ አርሜል፣ ከኋላው ቆማ እያነበበች።

«አሁን ብመልስ መውሰዴን ማመኔ ነው።»

«ባትመልስስ ምንድን ነህ?»

ኮርቤ ማስታወቂያውን እንደገና አነበበ። በዲዦን ፖሊስ ሃያ ሁለት ዓመት ሌባ ሲያሳድድ ኖሯል። ጫማዎቹ ግን በፒጃማ ተጠቅልለው ሻንጣው ውስጥ ተኝተዋል። ለምን እንደወሰዳቸው ቢጠየቅ አያውቅም። እግሩ ላይ ለስላሳ ነበሩ፣ በቃ።

የሚያሳፍረው ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ትናንት ራት ላይ ከዚህ የባሰ ሠርቷል። ስምንት ክፍል ብቻ ባላት በዚያች ሆቴል፣ እንግዳው ሁሉ ስለ ወይን እንደ ዘመዱ ሲያወራ፣ ባለቤቱና የማዳም ሶላንዥ ወንድም ሙሴ አንሴልም ብሮሾ፣ «እርስዎስ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀው። ኮርቤ ፖሊስ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። «የወይን ነጋዴ ነኝ» የሚል ወጣ።

አንሴልም ፊቱ በራ። ሄዶ አባቱ የጠመቁትን አንድ አሮጌ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ለሙያ ባልደረባው መጀመሪያ ቀዳለት። ኮርቤ ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ አሸተተ፣ ጎንጨት አለና ዓይኑን ጨፈነ። ሌሎች ሲያደርጉ አይቷል። «ድንቅ ነው! ጥልቀት አለው!» አለ። አንሴልምም ጠጣ፣ ዓይኑ እርጥብ አለ። «የአባቴ እጅ» አለ። አርሜል ወደ ባሏ ጠጋ ብላ፣ «እርጥብ ካርቶን እኮ ነው የሚሸተው» ስትለው ከጠረጴዛው በታች እግሯን ረገጣት።

አርብ ጧት አምስት ሰዓት ላይ ማዳም ሶላንዥ እንግዶቹን ሰብስባ የወይን ምድር ቤቱን ልታስጎበኝ ይዛ ወረደች። በሩን ስትከፍት የወጣው የድኝ ሽታ እንደ ጭስ ፊታቸውን መታቸው። ሁሉም ሳለ። አርሜል ዓይኗን በሻርፕ ሸፈነች። ሶላንዥ ራሷ እያነጠሰች፣ «ትንሽ ድኝ የጽዳት ምልክት ነው» አለችና ከላይኛው ማሳ የመጣው ወይን ወደተቀመጠባቸው ሦስት በርሜሎች መራቻቸው። በማግስቱ ቀትር ላይ ቀማሾች ከቦን ከተማ የሚመጡት ለእነዚህ ሦስቱ ነው።

ውታፉን ነቅላ የመስታወት መቅጃዋን አስገባች። ደረቅ ወጣ። ሁለተኛውን ሞከረች፣ ደረቅ። ሦስተኛውን በቡጢዋ ስትመታው እንደ ከበሮ ጮኸ።

«ተዘረፍን!» ብላ ጮኸች። «አንሴልም! ተዘረፍን!»

አንሴልም ከኋላ ገብቶ ምድር ቤቱ መሃል ቆሞ ነበር። እንግዳው ሁሉ ሲያስል፣ ሲያነጥስና እንባውን ሲጠርግ፣ እሱ ብቻ እጁን አጣምሮ፣ ደረቅ ዓይኑን በርሜሎቹ ላይ ተክሎ በረጅሙ ይተነፍሳል። ሐዘን አደንዝዞታል ብለው ሁሉም አዘኑለት።

ሶላንዥ ወንድሟ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ፖሊስ ዘንድ ደውላ ነበር።

የመጣው ሃምሳ አለቃ ሎይክ ነው፤ ባለ ቀይ ጆሮ ጎረምሳ። አዳራሹ ውስጥ እንደገባ እንግዶቹን ገረመመ፣ ከዚያ ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ።

«ኢንስፔክተር ኮርቤ! ጌታዬ! ዲዦን ላይ ያሠለጠኑኝን ረሱት እንዴ?»

የአሥራ ሁለት ሰው ዓይን ኮርቤ ላይ አረፈ።

«የወይን ነጋዴ ነኝ አላሉኝም ነበር?» አለ አንሴልም ቀስ ብሎ።

«አዎ… በትርፍ ሰዓቴ» አለ ኮርቤ።

አንዲት እንግዳ ሳቋን ሳል አስመሰለችው። ሎይክ ለዐቃቤ ሕጉ ደወለ፤ ዐቃቤ ሕጉም ኢንስፔክተሩ እዚያው ካለ እሱ ይያዘው አለ። ኮርቤ የጫማ ሌባ ሆኖ ምርመራ የጀመረው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ምድር ቤቱን አየ። በር አልተሰበረም። ወለሉ ታጥቧል፤ ወደ ውጭው ቦይ የሚወስደው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ብቻ ቀይ ቀለም ቀርቷል፤ ወይኑ በዚያ ፈስሷል። በየውታፉ ሥር የተቃጠለ ጨርቅ ያንጠለጠሉ ሽቦዎች አገኘ፤ ከእያንዳንዱ በርሜል ሦስት ሦስት። ምን እንደሆኑ አልገባውም። ነጋዴ ነኝ ካለ በኋላ አንሴልምን መጠየቅም አፈረ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ሁለት ነው» አለች ሶላንዥ። «አንዱ ወንድሜ ጋ፣ አንዱ ሉሲንዳ ጋ። ሉሲንዳ ቴሼራ፣ የምድር ቤቱ ሠራተኛ። ማለቴ ሠራተኛ የነበረችው። ሰኞ ዕለት አባረራት። ጩኸታቸው ክፍል ቁጥር ሰባት ድረስ ተሰምቷል። ቁልፉን ግን ሳትመልስ ነው የሄደችው! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

ኮርቤ ወደ አንሴልም ዞረ። «ለምን አባረሯት?»

«የቤት ጉዳይ ነው።»

«ይጠረጥሯታል?»

«ሉሲንዳ እንዲህ አታደርግም።»

«ታዲያ ማን?»

አንሴልም የጃኬቱን ቁልፍ ማሸት ጀመረ። ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ ሲባል ላይኛው ማሳ ወይን ሲገርዝ እንደነበረ ተናገረ፤ ብቻውን። ኮርቤ ይህንን ጻፈ እንጂ አላሰበበትም። የገዛ ወይኑን የሚዘርፍ ሰው አይቶ አያውቅም።

ሎይክ ሰዓቱን አየ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሴትዮዋን ቦን ይዤ እንድገባ ታዝዣለሁ፣ ጌታዬ። ቁልፍ አላት፣ ቂም አላት። ሌላ ካላገኘን እሷው ናት።»

በዚህ ሸለቆ ሰው ገድሎ ከእስር የወጣ ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ወይን አፍስሳ የተከሰሰች ሴት ግን ከእንግዲህ ባልዲ እንኳ የሚያስይዛት አይኖርም።

ከዚያ ጋቲያን ፓካር ዳክዬ ታቅፎ ገባ። የብሮሾዎች ጎረቤት ነው፤ ከአንሴልም ጋር በአንድ ረድፍ ወይን ምክንያት አሥር ዓመት ተኳርፈዋል። የቀኝ ጉንጩ አብጦ ዳቦ አክሏል።

«ማነው አለቃው? አንተ ነህ? ይኸውልህ ማስረጃው!» ብሎ ዳክዬዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ዳክዬዋ ሁለት እርምጃ ተራምዳ በጎኗ ወደቀች።

«ምን ሆና ነው?»

«ሰክራ ነዋ! ትናንት ከእነዚህ ሰዎች ቦይ ጠጥተው አሥራ አራቱም ሰክረዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦዩ ቀይ ነበር ትላለች ሚስቴ። እኔ አመሻሽ ላይ ስመጣ ዳክዬዎቼ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። አንዷ ውሻዬን ነክሳዋለች!»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንተ የት ነበርክ?» አለ ሎይክ፣ እጁን ወደ ካቴናው እየሰደደ።

«ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ፣ አንተ ጆሮ። ጉንጬን አታይም? ቦን ሂድና ጠይቅ፤ ጩኸቴ አሁንም እዚያው ይኖራል።» ወደ ኮርቤ ዞረ። «ደግሞ የእነሱ ወይን ወይን ይባላል? ቦዩ ሰላጣ ሰላጣ ነበር የሚሸተው።»

ሁሉም ሳቁ። የጠላት ወይን ሁልጊዜ እንዲህ ይሸታል። ሎይክ ወዲያው ለጥርስ ሐኪሙ ደወለ፤ ጋቲያን ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጋቲያን ዳክዬዋን አንሥቶ አሸናፊ ሆኖ ወጣ።

የሉሲንዳ ቤት መንደሩ ጥግ ላይ ነው። ኮርቤ ሲደርስ አንሶላ ታሰጣ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ክንዷ እንደ ወይን ግንድ የጠነከረ ሴት።

«ልታስሩኝ ከሆነ ይህችን አስጥቼ ልጨርስ» አለች።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሳጥብ። ያየኝ የለም። አንሶላ ምስክር የሚሆን ከሆነ ስድስት አለኝ።»

ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰጠችው። ለምን እንደተባረረች ሲጠይቃት አንሶላውን ሳብ አድርጋ አስተካከለች። «ስለ ወይኑ የነገርኩት ነገር አለ። ለእሱ ነው የነገርኩት። በእሱ ምድር ቤት ያለውን ለሌላ ሰው ሳወራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቶኝ የሚያውቅ የለም።»

«ዝምታዎ እኮ ሊያሳስርዎት ነው።»

«ያሳስረኛ።»

ኮርቤ ኪሱ ውስጥ የነበሩትን ሽቦዎች አወጣ። እዚህ ማፈሩ ቀረ። «እነዚህ ምንድን ናቸው? ከወይን የማውቀው መጠጣቱን ብቻ ነው፣ እሱንም በደንብ አይደለም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «የድኝ ጨርቅ የሚሰቀልባቸው ናቸው። በርሜል ባዶውን አያድርም፣ ጌታዬ። ታጥቦ፣ ተንጠፍጥፎ፣ ድኝ ተቃጥሎበት ይዘጋል። አለዚያ ይሻግታል፣ ይሞታል።»

«ባለቤቱን የሚጠላ ሰውም ቢሆን? ለክፋት ብሎ ያፈሰሰም?»

ሉሲንዳ እንደ ጅል አየችው። «ባለቤቱን ቢጠላ፣ በርሜሉ ምን አጠፋ?»

ከዚያ ሽቦዎቹን ቆጠረችና ፊቷ ተለወጠ። «ከስንት በርሜል ነው?»

«ከአንዱ ብቻ። ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ነበር።»

«ሦስት? የአንዱ ጨርቅ ሲሶ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ በር ላይ ሆነህ ያፍንሃል። ማንም ሰው ይህን ሲያደርግ…» ቃሏን ዋጠችው። ሽቦዎቹን ቶሎ መለሰችለት። «አላውቅም» አለች። «እኔ ነኝ በሉ ከፈለጋችሁ፤ ብቻ ሂዱልኝ።»

ኮርቤ ሲመለስ አርሜል የአትክልቱ ቦታ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። የሆነውን ሁሉ ነገራት። እሷ ስለ በርሜሉ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«ያ የትናንቱ ጠርሙስ… አንተስ እሺ፣ ስለ ወይን አታውቅም። እሱ ግን የአባቱ ልጅ ነው። ቡሹ ሻግቶ ያበላሸውን ወይን እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ሲሸተኝ እሱ እንዴት አልሸተተውም?»

ኮርቤ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁሉ ሲያስል የቆመው ሰው፤ ደረቁ ዓይን። አቼቶ እንደፈሰሰበት ሰላጣ የሚሸት ቦይ። ሲሶ የሚበቃው ሦስት የተደረገበት ድኝ። ሥራውን ከልቡ የሚያውቅ እጅ ነው ያደረገው፣ ልኩን የሚነግረው አፍንጫ ግን የሌለው። ሉሲንዳም ሽቦውን ቆጥራ ያየችው ይህንኑ ነው። አይታም ስለ ሰውዬው ራሷን ልትሰጥ ነበር።

ኮርቤ ደግሞ የሙያ ሰው መስሎ ለመታየት የሚስቱን እግር ባይረግጥ ኖሮ ጧት አምስት ሰዓት ላይ ያውቅ ነበር። አሁን አሥር ተኩል ሆኗል።

ወጥ ቤት ገብቶ አንድ ብርጭቆ ቀይ አቼቶ ለመነ። አሳቡ ቀላል ነበር፤ ወይን ነው ብሎ ለአንሴልም ይሰጠዋል። ሰውየው አሽትቶ ካመሰገነው ምርመራው እዚያው አለቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ዓይነት ብልሃት ሲሞገስ ኖሯል።

አንሴልም ምድር ቤት ነበር። በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጦ መዳፉን በአንዱ በርሜል ላይ አሳርፏል፤ የታመመ ከብት እንደሚያባብል። ኮርቤ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። እጁ ሊዘረጋለት እምቢ አለው። ዞር ብሎ አቼቶውን በሁለቱ መካከል ባለው የወለል ቀዳዳ አፈሰሰው። ሽታው ተነሥቶ አፍንጫውን ቆረጠው፣ ዓይኑን አስለቀሰው።

አንሴልም ቀና አለ። «ምነው? ወይኑ አልጣመዎትም?»

ኮርቤ ይህንን መልስ ላለመስማት ነበር ያፈሰሰው። ሰማው።

«አቼቶ ነው፣ ሙሴ ብሮሾ።»

የአንሴልም አንገት ከታች ጀምሮ ቀላ።

«እኔ ልጀምር» አለ ኮርቤ። «ጫማዎቹ እኔ ጋ ናቸው፤ ሻንጣዬ ውስጥ። የወይን ነጋዴ አይደለሁም። የአባትዎን ወይን ድንቅ ነው ስልዎት ዋሽቻለሁ፤ ሚስቴ እርጥብ ካርቶን ይሸታል ስትለኝ እግሯን ረግጬ ዝም አሰኘኋት። ሦስት ተናገርኩ። ከእርስዎ አንድ ይበቃኛል።»

«ቡሹ አበላሽቶት ነበር?» አለ አንሴልም፣ በትንሽ ድምፅ።

«አዎ።»

«የመጨረሻው ጠርሙስ ነበር።»

እጁን ከበርሜሉ ላይ አላነሣም።

«በጥር ጉንፋን ያዘኝ። ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ ከረምኩ። ቡና ሙቅ ውሃ ሆነብኝ። ወይኑን በቀለሙና በድሮ ትዝታ ነበር የምጠብቀው። ሰኞ ዕለት ሉሲንዳ፣ ‹ሙሴ አንሴልም፣ ሦስቱ ወደ አቼቶ ሄደዋል› አለችኝ። ‹ያንቺ የባዕድ አፍንጫ ዓሣ እንጂ ወይን አያውቅም› አልኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእሷ አፍንጫ ስተማመን ኖሬ። ሐሙስ ዕለት አፌን ሞልቼ ቀመስኩት። ጉሮሮዬን አቃጠለው።»

«አፈሰሱት።»

«ቀማሾቹ ቅዳሜ ሊመጡ ነው፤ አቼቶ ነው ከሚሉኝ ባዶ ያግኙት አልኩ። ለሶላንዥ የምላትን ሳላገኝ እሷ ፖሊስ ጠራች።»

«ሉሲንዳ ስትጠረጠርስ?»

«ልናገር ስል አፌ እምቢ አለኝ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «በየሰዓቱ እምቢ አለኝ።»

«የራስን ወይን ማፍሰስ ወንጀል አይደለም» አለ ኮርቤ። «እሷ መኪና ውስጥ ስትገባ ዝም ማለትዎ ግን በሕግ መጽሐፍ ባይገኝም ስም አለው።»

«በሁሉም ፊት? ብሮሾ አፍንጫ የለውም እንዲባል?»

«የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረው የእርስዎ ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሉሲንዳ ንጹሕ ካፖርት ለብሳ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ሎይክ በግራዋ፣ ሶላንዥ ፊት ለፊቷ። እንግዶቹ የሚያነቡ መስለው ጋዜጣቸውን ይዘዋል። ጋቲያንም ፍርዱን ልይ ብሎ ከእነዳክዬው በር ላይ ተደግፏል።

ኮርቤ ከላይ ወረደ። ነጫጭ ጫማዎቹን ሁሉም እንዲያያቸው በእጁ ይዞ አዳራሹን አቋረጠና ከደረጃው ሥር ባለው ቅርጫት ውስጥ አኖራቸው። የሶላንዥ ቅንድብ ተሰቀለ። የኮርቤ ጆሮ እንደ ሎይክ ጆሮ ቀላ፤ አርሜል ግን ጠጋ ብላ ክንዱን ያዘችው።

አንሴልም ከምድር ቤት ብቅ አለ። ሉሲንዳ ፊት እስኪደርስ ማንንም አላየም።

«ወይኑን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሐሙስ፣ በገዛ እጄ። እሷ የለችበትም።»

ጋዜጦቹ ሁሉ ዝቅ አሉ። ሎይክ ወደ ኮርቤ አየ፤ ኮርቤ ራሱን ነቀነቀ።

አንሴልም ከኮርቤ የተቀበለውን ቁልፍ ለሉሲንዳ ዘረጋላት። «ሰኞ ያልኩሽ… ያ ቃል የኔ ነውር ነው። ነገ ቀማሾቹ ሲመጡ በቀሩት በርሜሎች ፊት የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ይህኛው ደረሰ፣ ያኛው ይቅር ካልሽ፣ እንዳልሽው ይሆናል።»

ሉሲንዳ ቁልፉን ወዲያው አልተቀበለችም። እስኪደክመው ድረስ እጁን ዘርግቶ እንዲቆም ተወችው። ከዚያ ወሰደችው።

«ውታፎቹን ከፍቼ ላናፍስ» አለች። «ድኙ በዝቷል።»

«አብዳችኋል ሁላችሁም!» አለች ሶላንዥ። «አንሴልም! የላይኛውን ማሳ ወይን! የአባታችንን ማሳ! ለዳክዬ! ለምን? ለምን ብለህ?»

እንግዶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ጋቲያን እንኳ ዳክዬዋን ዝም አሰኛት። ሉሲንዳ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆም ብላ ዞረች፤ የምታውቀውን እንደማታወጣ ለአንሴልም በዓይኗ ነገረችው። ኮርቤ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ።

አንሴልም ባርኔጣውን አጠለቀ።

«አልናገርም» አለ።